ሀብታም አፈር

ባለፈው ወር ከከተማው ዳር ባለው የልጄ ግቢ ፀሐይ እየሞቅሁ ተቀምጬ ሳለ ከግብርና የተላከች አንዲት ልጅ ገባች። ሰማያዊ ሰደርያ ለብሳለች፣ ስልኳን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፣ በእጇ ረጅም ብረት ይዛለች። ብረቱን እያሽከረከረች መሬት ውስጥ ከተተችው፣ አፈር አወጣችና ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥታ «ባለቤቱን ማን ብዬ ልጻፍ?» አለች። ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «ስም አትጻፊ» አልኳት። «ቁጥር ጻፊ፣ የፈለግሽውን ምልክት አድርጊ፣ ስም ግን አትጻፊ።» ልጅቷ ፈገግ አለች። «እማማ፣ ለምርመራ ብቻ ነው፣ ምንም አያመጣብዎትም» አለችኝ። ለእኛም ያሉን እንዲሁ ነበር። ልጄ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና ስሟን ነገረቻት። ያን ቀን ምሳ አልበላ አለኝ። ልጄ ምን እንደነካኝ ስትጠይቀኝ ትንሽ ነገርኳት። እዚህ የምጽፈው ከዚያ ይበልጣል።

በአብዮቱ ዘመን ከተማችን በደብዳቤ ላይ አሰበ ተፈሪ፣ በገጠሬው አፍ ጭሮ ነበረች። የአባቴ ሱቅ የሐረርና የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ማዕዘን ላይ ነው። አባቴ በልጅነቱ ከስልጤ አገር የመጣ ነጋዴ ነበር፤ አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ሽርጥ፣ ክርና መርፌ ይሸጣል። ኮንጎ ጫማ ከጣሪያው ላይ እንደ ቋንጣ ተሰቅሏል፣ አንዱ ጥንድ ሦስት ብር። ፊት ለፊታችን ባለው ሻይ ቤት ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ የቡና ቅጠል ሆጃ በወተት ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር። ስኳር በቀበሌ ካርድ ስለነበር ሻይ ቤቱ ስኳር ያገኘ ቀን ወሬው ከአውቶቡሱ ቀድሞ ይደርሳል። ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጠዋት የሰልፍ ዘፈን፣ ከሰዓት ዜና፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ አንዳንዴ ተሳስቶ የፍቅር ዘፈን ያሰማናል። የፍቅሩን ሁልጊዜ መሐል ላይ ያቋርጡት ነበር። እስከ ዛሬ መጨረሻቸውን የማላውቃቸው ዘፈኖች አሉ።

ትምህርት ያቆምኩት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቴ ታመመች፣ ሱቁም ሰው ፈለገ። ጽሕፈቴ ግን ያምር ነበር። ኦሮምኛውን የተማርኩት ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ነው። ጨርቅ በክንድ ይለካል፣ የአባቴ ክንድ ደግሞ አጭር ነው። ገጠሬዎቹ ሴቶች ይህን ያውቃሉ፤ እየሳቁም እያዘኑም ይከፍላሉ። አንድ ቀን በሜትር ለክቼ ባንኮኒው ጠርዝ ላይ በሚስማር ምልክት አደረግሁ። አባቴ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ሞሚና ነበረች። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ልታደኸዪው ነው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ከሌለሁ ጨርቅ አትገዛም።

ሰው ሁሉ አዴ ሞሚና ይላታል፤ አዴ በኛ አካባቢ ትልቅ ሴት የምትከበርበት ስም ነው። ቁመቷ ረጅም፣ ፀጉሯን የምትሸፍንበት ጉፍታ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ባሏ አብዱላሂ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ ትኖር ነበር። መሬቷ ሁለት ዓይነት ነው። ዳገቱ ድንጋይ ስለሆነ የሚበቅልበት ማሽላ ከጉልበት አያልፍም። ከቤቷ ጀርባ ያለችው፣ አንድ ሰፊ አዳራሽ የምታህል ጓሮ ግን ጥቁር ናት። የምድጃውን አመድ፣ የፍየሉን በጠጥ፣ የማሽላውን ገለባ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ ስትደፋ ኖራለች። ጫቷ የተተከለው እዚያ ነው። ልጆቿን የሚያበላውም የሚያለብሰውም ያ ጫት ነበር።

አንድ በጋ ስለ አፈር ለምነትና ስለ አዝርዕት ምግብ ለገበሬዎች ሴሚናር ይሰጣል ተባለ። ዛሬ ሴሚናር ሲባል ሰው የሚያስበው አበልና የታሸገ ውሃ ነው። ያን ጊዜ ግን የሚያስፈራ ቃል ነበር። ለሴሚናር ተጠርቶ ስድስት ወር የቆየ አለ፣ እስካሁን ያልተመለሰም አለ። ሠላሳ ሁለት ገበሬ ተጠራ። ሴሚናሩ ሦስት ቀን፣ ቦታውም ከቤታቸው የአንድ ሰዓት መንገድ ሆኖ ሳለ ሚስቶቻቸው ስንቅና ብርድ ልብስ አስይዘው ሸኟቸው። የአንዱ ሚስት እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ ተከትላው መጥታ ተመለሰች። እኔን የላከኝ ቀበሌው ነው። አስተማሪው ኦሮምኛ ስለማይችል የሚተረጉምለትና ጽሕፈት የሚጽፍለት ሰው ፈልጎ ነበር።

አስተማሪው ሰሎሞን የሚባል፣ ከሸዋ የመጣ ቀጭን ወጣት ነው። ለሥራው ልቡ ሙሉ ነበር፤ ይህን ልመሰክርለት እወዳለሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በቆሎ ሣለና የትኛው ቅጠል ሲገረጣ ምን እንደጎደለው፣ የትኛው ወይን ጠጅ ሲመስል ምን እንደራበው አሳየን። «ተክል እንደ ሰው ይራባል» አለ። ተረጎምኩ። ጢሙን በሒና ያቀላውና መቁጠሪያውን ከእጁ የማይለየው ሽማግሌው ኑሬ አንገቱን ነቀነቀ።

«እኛም እንራባለን በይው» አለኝ። «ለበቆሎው የማዳበሪያ ጆንያ ከመጣለት ለእኛስ ምን መጥቷል?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ የቆመው ግን ሳያልቅ ነው፤ ኋላ በሩ አጠገብ ሊቀመንበሩ ተቀምጦ ነበር። የአውራጃው የገበሬዎች ማኅበር መሪ ነው፣ ስሙን መጥራት አልፈልግም። ካኪው የተተኮሰ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የተሰካ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። በክብሪት እንጨት ጥፍሩን ያጸዳል። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ጥርት አድርጎ ይሰማል።

ነገሩን ያበላሸው አንድ ቃል ነው፤ ከአፌ የወጣውም የእኔ ቃል ነው። ሰሎሞን እንዲህ አለ፦ «አንዳንዱ አፈር ሀብታም ነው፣ አንዳንዱ ድሃ ነው። ነገ እያንዳንዳችሁ ከመሬታችሁ አፈር ታመጣላችሁ። መርምረን የማን ሀብታም እንደሆነ እንለያለን።» ለም አፈር በኦሮምኛ ገባታ ነው፣ እንደ በግ የሰባ ማለት ነው። እኔ ግን የሰማሁትን ቃል በቃል አስተላለፍኩ፤ ዱሬሳ አልኩ። ዱሬሳ ሀብታም ሰው ነው። ያን ጊዜ ሀብታም የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከእነዚያ ገበሬዎች ውስጥ ያላየ አልነበረም።

ኑሬ መቁጠሪያውን ያዝ አደረገው። «ከለያችሁ በኋላስ?»

ሰሎሞን ደስ ብሎት መለሰ። «ከለየን በኋላ እንደየደረጃው እርምጃ እንወስዳለን።»

ይህን መተርጎም አላስፈለገኝም። እርምጃ የሚለውን ቃል አማርኛ የማይሰማውም ያውቀዋል፤ በድምፅ ማጉያው ስንት ጊዜ ሰምተነዋል፣ ከኋላው የሚከተለው የሰው ስም ዝርዝር ነው። ልጁ ስለ ማዳበሪያ ነበር የሚያወራው፤ ለየትኛው መሬት ስንት ኪሎ እንደሚጨመር ማለቱ ነው። ማንም አልጠየቀውም። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ እሱና ጠመኔው ብቻ ሲነጋገሩ ቆዩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከበሩ የሴት ድምፅ ሰማሁ። አዴ ሞሚና ናት። ዘበኛው አላስገባም ብሏት ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆማለች።

«የተጠራው አብዱላሂ ነው» አለኝ ዘበኛው።

«አብዱላሂ ሞቷል።»

«ወረቀቱ ላይ አልሞተም።»

«እንግዲያው መቃብር ሄደህ ጥራው» አልኩት። «መሬቱን የምታርሰው እሷ፣ ግብሩን የምትከፍለው እሷ። ወንዶቹ ገብተው እሷ ውጭ የምትቀርበት ምክንያት ምንድን ነው?» ዘበኛው ቤታችንንም ሱቃችንንም የሚያውቅ ሰው ስለነበር አፈረና መንገድ ለቀቀ። በጉልበቴ ነው ያስገባኋት። ጠዋት የተባለውን አልሰማችም። ከሰዓት በኋላ የተባለው፣ ነገ ከመሬታችሁ አፈር ይዛችሁ ኑ ብቻ ነው። ጎን ለጎን ሆነን ዳቦ በሻይ በላን፣ ስለ ልጆቿ አወራችኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ተጠንቀቂ አላልኳትም። በሩን ስላሸነፍኩ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠረጴዛ ይዤ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ሁለት የጨርቅ ከረጢት፣ ሠላሳ ሁለት ቁራጭ ካርቶን። ሰዎቹ ተሰለፉ። እያንዳንዱ አፈሩን ሲያስረክብ ስሙን እጽፋለሁ፤ እነሱም ከኔ ሳይደብቁ በኦሮምኛ ይንሾካሾካሉ። አንዱ ያመጣው ጎርፍ ከቦረቦረው ገደል ነው። ሌላው ከመኪና መንገዱ ዳር ጠርጎ አመጣ። አንዱ ከትምህርት ቤቱ የኳስ ሜዳ አፍሶ መጥቷል። ኑሬ ያመጣው ነጭ፣ አመድ የመሰለ፣ ጠጠር የበዛበት ነው። «ይህ አፈር ከእኔም ይደኸያል» አለና ጥርሱን ነከስ አድርጎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሁሉም ድሃ ሆኖ ለመታየት ተስማምቶ ነበር፣ ያለ ስብሰባ።

ከመጨረሻዎቹ አንዷ ሞሚና ነበረች። ከረጢቷን ስትፈታ ጥቁሩ አፈር እርጥብ ሆኖ ይሸታል፤ ትል ይንቀሳቀስበታል።

«ይህ ከጓሮ ነው» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ታዲያ እንግዳ ሊያየው አይደል» አለችኝ። «ድንጋይ ይዤ ልምጣ?»

ይሄኔ ሊቀመንበሩ መጥቶ ከጠረጴዛው ጎን ቆሟል፣ ካርቶኖቹን ያነብባል። ይመልሳት የነበረው አንድ ቃል ነው፣ አፌ ላይ ደርሷል። ሰውየው ጽሕፈቴን አይቶ «ያምራል» አለኝ። ቃሉን ዋጥኩት። ዝርዝሩ ላይ ያለው ስም አብዱላሂ ነበር። በሟች ስም አልጽፍም ብዬ፣ የምታርሰው እሷ ናት ብዬ፣ ባማረው ጽሕፈቴ ሞሚና ብዬ ጻፍኩ። ለፍትሕ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሰሎሞን ትንሽ የእንጨት ሣጥን ነበረችው። ከየከረጢቱ ቆንጥሮ በብርጭቆ ቱቦ ያደርጋል፣ ጠብታ ይጨምራል፣ ይነቀንቃል። አፈሩ የሰባ ከሆነ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል አለን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቱቦዎቹ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድረው ነበር። ሠላሳ አንዱ የአጠባ ውሃ ይመስላሉ። አንዷ ግን እንደ ትምህርት ቤት ቀለም ሰማያዊ ናት። ሰሎሞን ግራ ገብቶት ግንባሩን ያሻል። በመጣበት ቀን ከመንገዱ ሆኖ ያየው ማሽላ ከእንዲህ ያለ አፈር እንደማይበቅል ያውቃል። ምን ማለት እንዳለበት ግን አያውቅም።

ሊቀመንበሩ ወደ ፊት ወጣ። የወል እርሻ የሚጀመርበት ለም መሬት ሲፈለግ መቆየቱን፣ አሁን ሳይንስ ራሱ መርጦ እንዳሳየ ተናገረ። የሞሚና መሬት ጓሮውም ዳገቱም ለወል እርሻ ይሆናል። ሰኞ ጫቱ ይነቀላል። ለእሷ ከወንዙ ማዶ ምትክ ይሰጣታል። ከወንዙ ማዶ ያለውን ቦታ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፍየል እንኳ አቋርጦት የሚያልፍ ድንጋይ ነው።

ተነሣሁ። ማንም አላዘዘኝም። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ልክ አይደለም። ያ አፈር ከጓሮዋ ነው የመጣው። ሃያ ዓመት አመድና በጠጥ የደፋችበት ነው። የዳገቱ መሬቷ ድንጋይ ነው፣ ሄደው ይዩት።»

«አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

«ከረጢቱን ሲፈታ አየሁ።»

«ጎበዝ» አለኝ። «የሌሎቹንም ስትፈቺ አይተሻል። የእነሱስ ከየት ከየት ነው?»

ዓይኑ እኔ ላይ ነው። የኑሬ መቁጠሪያ ቆመ። ሠላሳ አንድ ወንድ መሬት መሬት አየ። ያን ጊዜ ነው የገባሁበት የገባኝ። የሰውየው ጥያቄ የአፈር ጥያቄ አልነበረም። አሻጥር የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ መንግሥትን ለማታለል ተመካክረዋል ከተባለ እነዚያ የተቋጠሩት ስንቆች ለስድስት ወርም አይበቁም። እውነቱን ብናገር እሷ ትድናለች፣ ሠላሳ አንድ ቤት ይዘጋል። ዝም ብል የሚዘጋው አንድ ቤት ነው።

«የሌሎቹን አላውቅም» አልኩ።

«እንግዲያው ያታለለችው እሷ ብቻ ናት ማለት ነው?»

ሰሎሞን ብድግ አለ። «ጓድ፣ ናሙናውን እኔ ራሴ ከየማሳው ዞሬ ብወስድ...»

«ጓድ ባለሙያ፣ መሣሪያህ ይዋሻል?»

ልጁ ሣጥኑን አየ፣ እኔን አየ። «አይዋሽም» አለና ተቀመጠ።

ወንዶቹ የሚበቃቸውን ያህል አማርኛ ከገበያ ለቅመዋል፤ ሞሚና ግን ይህ ሁሉ የተባለው በአማርኛ ስለሆነ አልተከታተለችውም። እጅጌዬን ሳብ አደረገች። «ምን አሉ?» ነገርኳት፤ መሬቱን፣ ሰኞን፣ ማታለል የሚለውንም። አንድም አላስቀረሁም። ፊቷ ላይ ብዙ ነገር አላየሁም። ጉፍታዋን አስተካክላ ተነሣች።

«አፈሩ የኔ ነው» አለች። «ከመሬቴ ነው ያፈስኩት፣ ማንንም አላታለልኩም። ገባታ ከሆነ ያሰባሁት እኔ ነኝ።»

በዚህ ጊዜ በትክክል ተረጎምኩ። የሰባ አፈር ነው ትላለች አልኩ። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አወጣና ደብተሩ ላይ ሲጽፍ ከቆምኩበት አነበብኩት። ሀብታም ብሎ ነው የጻፈው።

ስንወጣ ከበሩ ላይ ጠበቅኋት። «የእነሱ አፈር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ» አልኳት።

«እኔም አውቃለሁ። ኑሬ ዛሬ ጠዋት እየሳቀ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንቺ ለምን አልተናገርሽም?» አለችኝ። ቀጥላም «ልጆች አሏቸው» አለች።

ያ ቀን ዓርብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱን ስወጣ ሞሚና ጓሮዋ ውስጥ ነበረች፤ ጫቱ ሥር ያለውን ጥቁር አፈር በዶማ እየጠራረገች በቅርጫት ትሞላለች። «መሬቱ የመንግሥት ነው አሉ፣ አመዱና በጠጡ ግን የኔ ነው» አለችኝ። «ማንም አልሰጠኝም፣ ከምድጃዬና ከፍየሎቼ ነው።» ከአባቴ ሱቅ ባዶ ጆንያዎች አመጣሁ። ሁለቱ ልጆቿ፣ ሦስት የጎረቤት ሴቶች፣ እኔ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ወንዙን እየተሻገርን አፈር ተሸከምን። አንገቴ ላይ ያረፈው ክብደት አሁንም ይሰማኛል። ማንም አልዘፈነም። አንድ ጊዜ ብቻ ከሴቶቹ አንዷ ጆንያዋን አሳርፋ «ወላሂ፣ ሰው አገሩን ተሸክሞ ሲሄድ ዛሬ ገና አየሁ» አለች፤ ሳቅን፣ ሳቃችንም ቶሎ አለቀ። እሁድ ማታ ላይ ጓሮው ውስጥ የቀረው ቀይ ጠጠርና ሥሩ የተገለጠ ጫት ነበር።

ሰኞ ሊቀመንበሩ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር መጣ። ሴሚናሩ ላይ የነበሩት ገበሬዎች ጫቱን እንዲነቅሉ ታዘው ዶማቸውን ይዘው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ሰውየው ጓሮው መሐል ገብቶ በጫማው ጫፍ ጠጠሩን ገፋ ገፋ አደረገው። ሁለት ቀን ሙሉ የተረገጠው የእግራችን መንገድ እስከ ወንዙ ድረስ ይታያል። አልተቆጣም። ያስፈራኝም ይህ ነው።

«ይህን የተሸከመ ማነው?» አለ። ደብተሩን ከፈተ።

«እኔ ነኝ» አለች ሞሚና።

«ብቻሽን?»

ቀና ብዬ ወንዶቹን አየሁ። ኑሬ ዶማው ላይ ተደግፎ ነበር። ዓርብ ዕለት እኔ «አላውቅም» ስላልኩ ሳይታሰር እዚያ የቆመ ሰው ነው። አንዳቸው፣ ሁለታቸው፣ እኛም አግዘናል ቢሉ ውሸት ነበር፤ ግን እነዚያ ሰዎች ሲዋሹ አይቻለሁ፣ ያውቁበታል። ኑሬ ጎንበስ ብሎ የዶማውን ስለት በጣቱ ፈተሸ።

«እኔም ተሸክሜያለሁ» አልኩ። ስሜን ጠየቀኝ። ዙለይካ አልኩት። እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ፤ ያውቃል፣ ግን ጠየቀኝ። ደብተሩንና እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ከሞሚና ስም በታች ራሴ ጻፍኩት።

ጫቱ ተነቀለ። በዚያ ዓመት ዳገቱ ላይ የወል ማሽላ ተዘራ፣ ማዳበሪያ ተጨመረበት፤ ዝናቡ ዘገየና ቡቃያው በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደተጠበሰ ሆነ። ሰሎሞንን ወደ ሌላ አገር አዛወሩት አሉ። ሞሚና ከወንዙ ማዶ ያን አፈር በድንጋይ ከልላ ሌላ ጫት ተከለች፤ እስኪደርስላት ግን ትልቋ ልጇ ሰው ቤት ተቀጠረች፣ ታናሿም ትምህርት አቋረጠች። እኔን ማንም መጥቶ አልጠራኝም። ብዙ ዓመት መኪና ከበራችን ላይ ሲቆም አባቴ መቀሱን ያስቀምጥና ያዳምጣል፣ እኔም አዳምጣለሁ፤ መኪናው ይሄዳል። መንግሥት ሲለወጥ ሊቀመንበሩ ከከተማው ጠፋ። ደብተሩ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

በኋላ ሰዎቹ ሱቃችን ይመጡ ነበር። ኑሬ አንድ ጊዜ ሽርጥ ሲገዛ «ዙለይካ፣ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ እኛ የለንም» አለኝ። «ለአዴ ሞሚና ንገራት» አልኩት። ጨርቁን አጣጥፎ ሄደ፤ እንዳልነገራት አውቃለሁ፣ ጠይቄያታለሁ። ኑሬ ሞቷል፣ ሞሚናም ሞታለች፣ አላህ ይማራቸው። ልጄ ይህን ሰምታ «ጊዜው ነው እናቴ፣ አትፍረጂባቸው» አለችኝ። ጊዜው ክፉ እንደነበር አውቃለሁ፣ እኔም ኖሬበታለሁ። አልፈርድባቸውም ብዬ ብጽፍ ግን እዋሻለሁ። እነሱን ለማዳን ዝም ማለቴ ልክ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ዝም እላለሁ። ሠላሳ አንድ ሆነው፣ አንዲት ሴት ስለ እነሱ ስትነቀል ዶማ ተደግፈው ማየታቸው ግን ልክ አልነበረም። እፈርዳለሁ።